እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቀው ስም

ሄራሞ ማረፉን የሰማሁት ጥምጣሜን ገና አንድ ዙር እንደ ጠመጠምኩ ነው። ልጁ ወለተ ማርያም ሆሳዕና ካለው ቤቴ በር ላይ ቆመች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከአንጋጫ ማዶ፣ ከሀምበርቾ ተራራ ሥር፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ በእግሯ ነው የመጣችው። ግቢ ብላት አልገባ አለችኝ።

«አባ፣ አባቴ አረፈ» አለች። «ገበዙ መቃብር አይቆፈርም ብሏል። አልተጠመቀም ነው የሚለው። አንተ ና።»

የጥምጣሜ ጫፍ ከእጄ አምልጦ መሬት ላይ ተዘረጋ። እንደ ካህን እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «ቆርቦ ነው?» የሚል ጥያቄ ሆነ። አለመቁረቡን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ! ልጅቱ ዝም ብላ አየችኝ። ዝምታዋን ከአባቷ ነው የወረሰችው።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ። የብዙ ሰው መልክ ተምታቶብኛል፤ ያስተማሩኝን መምህራን እንኳ ድምፃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላስታውስም። የሄራሞ ፊት ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ከጉም ውስጥ ብቅ ይላል፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ አንዱ ቅንድቡ ብቻ የሸበተ። ሲያስብ አውራ ጣቱን ግንባሩ ላይ ያሳርፋል። አያማትብም፤ ያሳርፈዋል ብቻ፣ ከዚያ ያነሣዋል። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር» አለኝ። በኋላ ሳስበው፣ ከማማተቡ ተሸርፎ ተሸርፎ ይቺ ብቻ ተርፋ ይሆናል።

ወደ ከምባታ የተላክሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ አዲስ አግብቼ፣ አዲስ ቀስሼ ነው። የተወለድኩት ተጉለት ነው። ዜማውን፣ ቅዳሴውን፣ ሰዓታቱን ጨርሻለሁ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ የማላውቀው ነገር ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ። ስጸልይ ወዲያ ማዶ የሚሰማ መኖሩን አላውቅም ነበር። አምናለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ማንም ቢጠይቀኝ ከመጽሐፍ እየጠቀስኩ አፉን አስይዘዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቶ የሚደርስበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። ይህን በሆዴ ይዤ ነው ሰው ላስተምር የሄድኩት።

በዚያ አገር ጉም እንግዳ አይደለም፣ ጎረቤት ነው። ጧት ከሀምበርቾ ይወርድና በእንሰቱ መካከል እየተሽሎከለከለ እስከ ደጃፍ ይመጣል። አንድ ዓርብ ጧት በበቅሎ ስሄድ መንገዱ ጠፋብኝ። በቅሎዋ እንደ ፈቀደች ወስዳ ትልልቅ ዝግባዎች ከከበቡት ገላጣ ሥፍራ አቆመችኝ። ሰዎች አሉ። ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ጥቂት ወጣቶች። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ መዳፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ዜማ ይጀመራል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ጉሙ በመካከላቸው ያልፋል፣ እነሱ ዝም ብለው ቆመዋል። እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንድ ቀን በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል።

ዛፍ የሚያመልኩ መሰሉኝና ከበቅሎዬ ሳልወርድ «ማንን ነው የምታመልኩት?» ብዬ ጮህኩ።

ቅንድቡ የሸበተው ሰውዬ ዞር አለ። «እግዚአብሔርን» አለ በተሰባበረ አማርኛ።

«ታቦታችሁ የት አለ? ካህናችሁስ? መጽሐፍስ?»

«የለም። ነበረ ይላሉ። ጠፋ።»

«ታዲያ ስትጸልዩ ምን ትላላችሁ?»

አውራ ጣቱን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። «ቃሉ ጠፋብን» አለ። «መቆሙ ቀረልን።»

እቤት ገብቼ ለባለቤቴ እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። «እኔስ በግዕዝ የምትሉትን መቼ ሰምቼው አውቃለሁ?» አለችኝ። «እኔም ቆሜ ነው የምመለሰው።» እራቴን በላሁ።

ነገሩ በኋላ ገባኝ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ክርስቲያን ነበሩ። በጥንቱ የጦርነት ዘመን አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፣ ካህናቱ አለቁ፣ መንገዱም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ስንት ትውልድ እንዳለፈ እነሱም አያውቁትም። ጾሙን በቃል ያዙ፤ መስቀልን «መሳላ» እያሉ አከበሩ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ከነበሩበት ሥፍራም ዛፍ ሳይቆርጡ ዓርብ ዓርብ እየመጡ ቆሙ። ጎረቤቶቻቸው «ጌታቸው የጠፋባቸው ሎሌዎች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር አሉ።

ሄራሞ እንጨት ጠራቢ ነበር። የኛ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሠራ ምሰሶውንና መቃኑን የጠረበው እሱ ነው፤ ዋጋ ቢሉት እንቢ አለ። መጥረቢያውን ሳይስል ዛፍ አይጠጋም፤ ስሎ ሲጨርስም ወዲያው አይመታም፣ ትንሽ ይቆማል። እዚያ ግቢ ውስጥ በየቀኑ ስንገናኝ ሳላስበው ወዳጄ ሆነ። በአማርኛው አንተና አንቱን አይለይም፤ ለበቅሎ ጠባቂዬም ለአለቃውም አንተ ነው የሚለው። እኔ ግን ለይቼ እያወቅሁ፣ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው አንተ ስለው ኖርኩ።

አንድ ጊዜ፣ ፋሲካ በዋለ በማግሥቱ፣ ማር ይዞልኝ መጣ። ባለቤቴ ሥጋ አቀረበችለት። ገበታውን አየና እጁን ሰበሰበ።

«ጾም ነው» አለ። «ስምንት ቀን ቀርቶኛል።»

ሳቄ መጣ፤ ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ጨረቃ እየቆጠሩ ስንት ዘመን ሲጾሙ ቁጥሩ ተንሸራቶባቸው ኖሯል። ሄራሞ እስክጨርስ ጠበቀኝና «ስንት ቀን ሳትን?» አለኝ።

«ስምንት።»

«አያቶቼ ሁሉ በተሳሳተው ቀን ጾሙ ማለት ነው?»

«ይመስላል» አልኩ፤ ያኔ ሳቄ ቆመ።

ብዙ አሰበ። «እሱ ግን በትክክለኛው ቀን ተቀብሏቸዋል» አለና ማሩን ገፋ አደረገልኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ጾሙን ከእኛ ጋር ያዘ። እኛ ስንፈታ ግን እሱ ስምንት ቀን ጨመረ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ያ ለአያቶቼ ነው፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ» አለኝ። ግትር ሰው አልነበረም ማለቴ ነው። ተሳስተሃል ሲሉት ይሰማል፣ ያርማል። የማይታረም ነገር የነበረው አንድ ብቻ ነው።

ያም የወጣው አለቃችን ከሆሳዕና ወርደው አገሩን ሲያጠምቁ ነው። አለቃ የተማሩ፣ ቁጡ፣ ሲስቁ ደግሞ የሚያስቁ ሰው ነበሩ። ወንዙ ዳር ጃንጥላ ተይዞላቸው ተቀመጡ። ሕዝቡ በሰልፍ እየገባ ይጠመቃል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ ስም ይሰጠዋል። ሰዉ ብዙ፣ ቀኑ አጭር ስለሆነ ስሙ በሰልፍ ነበር፤ የዚህ ሰልፍ ወንድ ሁሉ ገብረ ማርያም፣ የዚያ ሰልፍ ሴት ሁሉ ወለተ ማርያም። ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ መካከል «ወለተ ማርያም!» ብሎ የጠራ ሰው ግማሹ ገበያ ዞሮ ያየው ነበር። የሄራሞ ልጅም ከነዚያ አንዷ ናት፤ ይሂዱ ብሎ ሚስቱንም ልጆቹንም ወንዝ ያወረዳቸው ራሱ ነው። እሱ ግን ዳር ላይ ቆሞ የሰዉን ልብስ ይይዛል።

«ያ ሽማግሌ ለምን አይገባም?» አሉ አለቃ። ጠርቼ አመጣሁት።

«እኔ ተጠምቄያለሁ» አለ።

«ማን አጠመቀህ?»

«ከዝዋይ ደሴት የመጣ መነኩሴ። እናቴ ናት የነገረችኝ። ሰው እንዳያይ ጎህ ሳይቀድ አጥምቆኝ ሄደ።»

«መነኩሴው የት አለ?»

«አልተመለሰም።»

«እናትህስ?»

«ሞተች።»

«የክርስትና ስምህ ማነው?»

«አላውቀውም።»

ወንዙ ዳር የነበረው ሁሉ ሳቀ። አለቃም ሳቁ። ሄራሞ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ አስረዳ። በዚያ ዘመን ልጅ አፉን አይጠብቅም ተብሎ የክርስትና ስሙ አይነገረውም፤ ለእናቱ ብቻ ይነገርና ሲያድግ እሷ ትነግረዋለች። የሱ እናት ግን እሱ ሳያድግ ሞተች።

«ታዲያ ስምህን የሚያውቅ ማን አለ?» አሉ አለቃ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«እሱ» አለ ሄራሞ፣ እጁን ወደ ላይ ሳያነሣ፣ አጠገቡ እንዳለ ሰው።

«በል እንግዲያው፣ አንተም የምታውቀው ስም እንሰጥሃለን። ግባ።»

«ጥምቀት ስንት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«አንድ።»

«እንግዲያስ» አለና ልብስ ወደሚይዝበት ቦታው ተመለሰ።

አለቃ ያኔ መሳቃቸውን ተዉ። «ማስረጃ እስኪያመጣ እንዳልተጠመቀ ይቆጠር። ቁርባን የለውም፣ ቅጽር ውስጥም መቃብር የለውም» ብለው ፈረዱ። ፍርዱን በአፌ ያደረስኩለት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ለመንኩት! አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ካጋደመው ግንድ ላይ ተቀምጠን ሳለ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ውሃ እኮ ነው፤ ምን ይጎዳሃል?» አልኩት። «ስም ታገኛለህ፣ ትቆርባለህ፣ ስትሞትም እዚሁ ከልጆችህ ጋር ትቀበራለህ።»

«ቁርባኑን እፈልገዋለሁ» አለ። ድምፁ ተለወጠ። «በጣም እፈልገዋለሁ። ግን ውሃው ውስጥ ከገባሁ እናቴን ዋሽተሻል ማለቴ ነው። እሱንም እስከ ዛሬ አታውቀኝም ነበር ማለቴ ነው።»

«ማስረጃ የለህማ!»

«አንተ ስትጠመቅ አይተሃል?»

«የአርባ ቀን ልጅ ሆኜ ምን አያለሁ?»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

የክርስትና አባቴ ሳላውቀው ነው የሞተው። ያጠመቀኝን ቄስ አላየሁትም። የሰማሁት ሁሉ ከአንድ ሰው አፍ ነው። «እናቴ» አልኩት።

«ማስረጃ ጠየቅካት?»

ይህን ያለው ሊረታኝ ፈልጎ አልነበረም፤ በየዋህነት ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቀሚሴን ሰብስቤ ተነሣሁና ሦስት ቀን ሳላናግረው ከረምኩ። ሦስቱንም ቀን እናቴን ነው ሳስብ የኖርኩት። ማዕተቤን እያጠበቀች «አንተ የሱ ነህ» ስትለኝ ለምን እንዳመንኳት ሳስብ፣ ማስረጃ ስለነበራት እንዳልነበረ ገባኝ። እናቴ ስለሆነች ነው። በአራተኛው ቀን ግንዱ ጋ ሄጄ «እንዴት አደሩ?» አልኩት። አንቱ ያልኩት ያን ቀን ነው። ለውጡን አውቆት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ እቤቱ ሄጄ ልቤን የሚከነክነኝን ነገር በጥያቄ አስመስዬ አወጣሁት። «እግዚአብሔር ተናግሮዎት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ምልክት አይተው ያውቃሉ? ሕልምስ?»

«በሕልሜ የማየው ላሜን ነው» አለ፤ ከውስጥ ሚስቱ ሳቀች።

«ታዲያ መኖሩን በምን አወቁ?»

አውራ ጣቱን ግንባሩ ላይ አሳርፎ ቆየ። ከዚያ ወደ ጓሮው፣ ወደ እንሰቱ ሥር በእጁ አሳየኝ። ሚስቱ ቆጮ እንዲብላላ የቀበረችበት ጉድጓድ በቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ተጭኖበታል።

«በየቀኑ እየከፈተች ብታየው ይበላሻል» አለኝ። «ስለዚህ ትተወዋለች። ሲነጋም ሲመሽም ግን እዚያ መሆኑን ታውቃለች። እኛም የምንተኛው እሷ ስለምታውቅ ነው።»

ይህን ሰምቼ አመንኩ፣ ልቤ በራ ብል እዋሻለሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ የነበረኝን ያንኑ ልብ ይዤ ነው የተመለስኩት። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ጸሎት ካደረስኩ በኋላ ተሰማ አልተሰማ እያልኩ ራሴን መመርመሩን ተውኩ።

ስለዚያ እሑድ መናገር ይከብደኛል። ሄራሞ ያን ጊዜ በጣም ከስቷል። ሁልጊዜ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ከውጭ፣ ራሱ ከጠረበው መቃን ተደግፎ ነው። ያን ቀን ሥጋ ወደሙ ሊቀበሉ ልጆቹ ሲገቡ እሱም አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ተራመደ። አንድ ብቻ። ሰልፍ ውስጥ አልገባም፣ ምንም አልጠየቀም፤ ቆሞ አየ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሕጉን አውቃለሁ፣ አለቃን እፈራለሁ፣ ዲያቆናቱ ያዩኛል። ዓይኔን ሰበርኩና ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ።

ቅዳሴው ሲያልቅ መስቀል ሊሳለም መጣ። «ዛሬ ጥሩ ነበር» አለኝ።

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«ቅርብ ነበርኩ።»

በዕድሜዬ ከሠራሁት ኃጢአት ሁሉ፣ ኃጢአት ይሁን ሕግ መጠበቅ ዛሬም ያልለየሁት ያን ዓይኔን መስበሬን ነው።

ወደ ሆሳዕና ስዛወር እስከ ኮረብታው ጫፍ ሸኘኝ። ጉሙ ስለነበር መንገዱ ከእግራችን ሥር ጠፍቷል። ስንሰነባበት «ስሞት ትመጣለህ?» አለኝ።

«እመጣለሁ።»

«አለቃው እንቢ ቢልህስ?»

በቅሎዬ ላይ ወጣሁ። ዞር ስል ጉሙ ሸፍኖታል፤ ቆሞ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

እንግዲህ ያን ቀን ወለተ ማርያምን ባለቤቴ ዘንድ አስቀምጬ፣ ጥምጣሜን እንደምንም ጠቅልዬ፣ አለቃ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፍ ያነባሉ። ነገሩን ጨርሼ ሳልነግራቸው ገባቸው።

«ያ ልብስ ያዡ?» አሉ። «ማስረጃ ተገኘ?»

«አዎን።»

«ምንድነው?»

«የእናቱ ቃል።»

መጽሐፉን ዘጉት። «ልጄ፣ የሞተች ሴት፣ ያውም እሱ ብቻ የሰማትን፣ ምስክር ብለህ ታመጣለህ? የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል። በዚህ ነገር ክህነት ይሻራል።»

ቢሆንም ከመንገድ ጀምሮ ሳብሰለስለው የመጣሁትን አወጣሁት። «እኔም መጠመቄን ያወቅሁት ከእናቴ ነው፤ ሌላ ምስክር የለኝም። የእሱ እናት ቃል የማይበቃ ከሆነ የእኔዋም አይበቃም። አልተጠመቅሁም ማለት ነው፤ ካልተጠመቅሁ ደግሞ ቄስ አይደለሁም። ክህነቴን ዛሬውኑ ይውሰዱት።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ፤ ንጹሕ ከሆነም በኋላ ይወለውሉታል።

«እናትህ በሕይወት አለች?» አሉ በመጨረሻ።

«አምና አረፈች።»

«የኔዋ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው ያረፈችው» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ከዚያ መጽሐፉን እንደገና ከፈቱ። «ጃንጥላ ይዘህ ሂድ፤ እዚያ አገር ዝናብ አይጠፋም።»

«ለገበዙ ምን ልበለው?»

«አለቃ ልኮኛል በለው።»

ከወለተ ማርያም ጋር መንገድ ላይ አድረን በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደረስን። ገበዙ የአለቃን ቃል ሲሰማ ራሱ ዶማ ይዞ መጣ። መቃብሩ ቅጽር ውስጥ፣ በምሥራቅ በኩል ተቆፈረ። ጉሙ አልተነሣም ነበር፤ ሰዉ ከእንሰቱ መካከል አንድ አንድ እያለ ይወጣል፣ መጥቶም ይቆማል። እንደ እኔ ከሰሜን መጥተው የሰፈሩት ቤተሰቦች በአንድ ወገን፣ የዝግባው ሥር ሰዎች በአንድ ወገን። ፍትሐቱን ጀመርኩ። አጠገቤ ያለው ዲያቆን ግን በጣም ተጨንቋል፤ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «አባ፣ ስሙን ማን እንበል?» አለኝ።

ስም የሌለው ፍትሐት የለም። ሟች የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። መንገዱን ሁሉ ሳስብበት ነበር የመጣሁት፤ ገብረ ማርያም ልበለው ብዬ ነበር፣ እንደዚያ ሰልፍ ሁሉ። ማንም አይቃወመኝም። ግን እንደዚያ ካልኩት ወንዙ ውስጥ ሞቶም ቢሆን አስገባሁት ማለት ነው።

«ዝም ብለህ ስማ» አልኩት ዲያቆኑን።

ቦታው ደረሰ። «አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ» አልኩ፤ የባሪያህን ነፍስ አሳርፍ ማለት ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ስሙ ነው የሚጠራው። አፌን ዘጋሁና የስሙን ያህል ቆምኩ። ከስሙም በላይ ቆምኩ። የሰሜኖቹ ቀና ቀና እያሉ ተያዩ፤ ጠፋበት ብለው ይሆናል። የዝግባው ሥር ሰዎች ግን አልተነቃነቁም። ዝም ብሎ መቆም ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም።

ምንም ምልክት አልነበረም። ጉሙ አልተገለጠም፣ ድምፅ አልተሰማም። ከእንሰቱ ቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከኋላ የሆነ ሕፃን ያስላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የስንቱን ሰው ስም ስጠራ ኖሬያለሁ፣ ልቤ ሌላ ቦታ እያለ። ያን ጊዜ ግን ያልጠራሁት ስም እንደ ታወቀ አወቅሁ። እንዴት ብትሉኝ ማስረጃ የለኝም። ወዲያ ማዶ የሚሰማ ነበር። ስሙን እኔ ሳልነግረው ያውቀዋል፤ ከሄራሞም አልፎ የእኔንም ያውቀዋል። ዕንባዬ ጢሜ ላይ ወርዶ መጽሐፉን ሊያበላሸው ሲል ዲያቆኑ በነጠላው ተቀበለው።

ከዚያ ወደሚቀጥለው ቃል አለፍኩ።